የአብዱልበሲጥ ወገብ

አብዱልበሲጥ ሞተ በተባለበት ጁሙዓ ከጎኑ ትከሻ ለትከሻ ገጥሜ የሰገድሁት እኔ ነኝ። ኢማሙ ከመጨረሻው ሱጁድ ቀና ብለው ተቀመጡ፤ ረድፉም ሁሉ ተቀመጠ። እሱ ግን ግንባሩ ምንጣፉ ላይ እንደተደፋ ቀረ። ዱዓ አስረዝሞ ነው ብዬ ሰላቴን ጨረስሁ። ወደ ቀኝ አሰላምቼ ወደ ግራ ስዞር ጀርባው አሁንም እዚያው ነው።

«አብዱ» አልሁት በቀስታ።

ከኋላችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው አዩትና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን!» አሉ። «በጁሙዓ ቀን! ሱጁድ ላይ! ወይ መታደል!» እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። በረንዳ ላይ የሰገዱት ወደ ውስጥ ጎረፉ። ከፊት ያሉት ዞሩ። አንዱ «አላሁ አክበር» ይላል፣ ሌላው «ውሃ አምጡ» ይላል። እጄን ጀርባው ላይ ሳሳርፍ ሳንቃ የነካሁ መሰለኝ፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«ሙሔ፣ አትንካኝ» የሚል የታፈነ ድምፅ ከምንጣፉ በኩል መጣ። «አልሞትሁም። ወገቤ ተይዞ ነው። እባክህ ሰዎቹን ዝም አሰኛቸው።»

ከሞቱ ወሬ ይልቅ ይኸኛው ነው የባሰ ያስደነገጠኝ ብል አታምኑኝም። ሞት ማንንም ያገኛል። የአብዱልበሲጥ ወገብ ይያዛል ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ባሕር ዳር ውስጥ አልነበረም።

አባቱ ከወረታ መጥተው ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ ሰው ናቸው። እሱ ጨርቁን ትቶ ገበያው አጠገብ የሳይክል መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ፤ ይሸጣል፣ ይጠግናልም። አርባን አልፏል። ቤቱ ሰባታሚት ስለሆነ ጠዋት ማታ በሳይክል ይመላለሳል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ እኔንና ሌሎች ጓደኞቹን አስከትሎ ሐሙሲት ደርሶ ይመለሳል። ዳገት ላይ ዕድሜያቸው የእሱን ግማሽ የማይሆን ጎረምሶችን ጥሏቸው ይሄዳል። ሱቁን ሲከፍት ሳይክሉን ባንድ እጁ አንጠልጥሎ ነው ደረጃውን የሚወጣው። ሰው «አመመኝ» ሲለው መድኃኒቱ አንድ ነበረች፤ «ሳይክል ንዳ፣ ይለቅሃል።»

ያን ሰው አራት ሆነን እንደታጠፈ ተሸክመን አወጣነው። ቀና ልናደርገው ስንሞክር ስለጮኸ፣ ጉልበቱ ደረቱ ላይ እንደተጣበቀ ባጃጅ ውስጥ በጎኑ አስተኛነው። ሐኪም ቤት እንሂድ ብንለው «ቤቴ ውሰዱኝ፤ ተኝቼ ይለቀኛል» አለ።

ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ሰባታሚት ስንደርስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የዕድር ሰዎች አግዳሚ ወንበር እያወጡ ነው፤ ሴቶቹ ይላቀሳሉ። ሚስቱ ኢኽላስ መሬት ላይ ተቀምጣ ሁለት ጎረቤቶቿ ግራና ቀኝ ደግፈዋታል። እኔ ቀድሜ ስወርድ ለቅሶው ባሰ፤ ጀነዛውን ይዞ መጣ ብለው ነው።

«አልሞተም! ኧረ ሰው አልሞተም!» ብል ማን ይስማኝ።

ያን ጊዜ ከባጃጁ መጋረጃ ጀርባ «ኢኽላስ፣ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አግዳሚ የተሸከሙት ሁለት ሰዎች አግዳሚውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። አንዲት ሴትዮ የያዙትን ማንቆርቆሪያ ለቀቁት። ኢኽላስ ተነሥታ ሮጠች፤ መጋረጃውን ስትገልጥ ባሏ እንደ ጨቅላ ተጠቅልሎ ቁልጭ ቁልጭ ይላል። አንገትጌውን ጨምድዳ ያዘችና «ሞተ አሉኝ እኮ! ሞተ አሉኝ!» እያለች ትከሻውን ደበደበችው። ከዚያም አቧራው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ይዟት ሰውነቷ ሁሉ ይርገፈገፍ ነበር።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው በሽተኛ ጠያቂ ሆኖ አመሸ። ሁሉም መላ አለው። አንዱ ዓይን ነው አለ፤ አንዷ ወጌሻ ይጠራ፣ በቅቤ ይታሽ አለች፤ ሌላው ብርድ ገብቶበት ነው አለ። አብዱልበሲጥ ትራስ በጉልበቱ መሀል አድርጎ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሕመሙን ያህል ሐፍረቱም አሳምሞት ነበር።

በማግስቱ ትንሽ ተፈትቶለት ጎንበስ ብሎ መራመድ ሲጀምር ሐኪም ቤት ወሰድነው። ራጅ ተነሣ። የተሰበረ የለም፣ ከቦታው የወጣ የለም። ተደሰተ እንዳይመስላችሁ፤ ተናደደ። «እንዲህ አድርጎ የጣለኝ ነገር ስም እንኳ የለውም ማለት ነው?» አለ። ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከን።

እዚያ ያገኘናት ማህሌት የምትባል፣ ለሥራ ከአዋሳ የመጣች ወጣት ባለሙያ ናት። እግሩ ይደነዝዝ እንደሆነ፣ ሽንቱን ይቆጣጠር እንደሆነ ጠየቀችው። ደህና ነኝ አላት። አልጋ ላይ በጀርባው አስተኝታ «ጉልበትዎን ሳያጥፉ እግርዎን ወደ ላይ ያንሡልኝ» አለችው።

አነሣ። እግሩ ከአልጋው ጥቂት ከፍ አለና ቆመ።

«ይጨምሩ።»

«ይኸው ነው።»

«ጋሼ፣ አይቀልዱ እንጂ።»

«ኧረ አልቀለድሁም!»

ላብ አጥምቆታል። ያ ዳገት የሚሰብር እግር አየር ላይ ይንቀጠቀጣል። ማመን አቅቶኝ ተጠግቼ አየሁ፤ የያዘው ነገር ያለ መስሎኝ ነው። ምንም የለም። ሌላኛው እግርም ያው ሆነ። አብዱልበሲጥ ጣራውን አፍጥጦ አየ፤ እንደዚያ ደንግጦ አይቼው አላውቅም።

«ሳይክል ከመቼ ጀምሮ ነው የሚነዱት?» አለችው።

«ከልጅነቴ።»

«ከወረዱ በኋላስ ምን ያደርጋሉ?»

«ሱቅ ገብቼ ጎንበስ ብዬ ሳይክል እጠግናለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በሳይክል ቤቴ እገባለሁ።»

«እንግዲህ ቀኑን ሙሉ እንደታጠፉ ነው የሚውሉት» አለች። «ሲነዱም ታጥፈው፣ ሲሠሩም ታጥፈው። ጡንቻዎ ጠንካራ ነው፤ ግን የሚዘረጋበት ጊዜ ስላላገኘ አጥሮ ቀርቷል። ጉልበት ሌላ፣ መፍታታት ሌላ።»

«እኔ እኮ ስፖርተኛ ነኝ» አላት።

«እሱማ ነዎት።»

ሦስት እንቅስቃሴ አሳየችው። አንደኛው ባንድ ጉልበት ተንበርክኮ የጭንን ፊት መዘርጋት ነው። ሁለተኛው በጀርባ ተኝቶ እግርን በጨርቅ ስቦ ማንሣት፣ ሦስተኛው ተቀምጦ ወገብን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጠምዘዝ። በየቀኑ፣ በዝግታ፣ ትንፋሽ ሳይያዝ፤ እስኪሳብ እንጂ እስኪያም አይደለም አለችው።

አብዱልበሲጥ ምክሩን እንደ ውድድር ያዘው። በዝግታ የሚለውን ጆሮው አልሰማም። ወለል ላይ ተጋድሞ ጥርሱን ነክሶ፣ እግሩን በኢኽላስ ሻሽ እየጎተተ ያቃስታል። ሳምንት ሳይሞላ የጭኑን ጀርባ ጎድቶ አነከሰ። ኋላ ወገቡም ጭኑም ሲለቀው ሻሹን መለሰላትና «አየሽ፣ ድኛለሁ» አላት። ሐሙሲት መንገድ ላይም እንደ ድሮው ፊት ፊታችን ይበር ጀመር። እኛም ደስ አለን። የጁሙዓው ነገር ሱቁ ውስጥ መሳቂያ ሆነ፤ ደንበኛው ሁሉ «ከሞት የተነሣው» ይለዋል።

መስከረም ላይ፣ በአንዱ እሑድ፣ ከሐሙሲት ስንመለስ እኔ ከኋላው ነበርሁ። ጭነት የተሸከሙ አህዮች ከመንገዱ ዳር ወደ መሀል ወጡ። አብዱልበሲጥ ሊያልፋቸው መሪውን ወደ ግራ ሰበረ። ወደ ኋላ አላየም። እኔ ግን አየሁ፤ አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና በአጠገቤ እንደ ጥላ አለፈች። የሞተር ድምፅ የላት፣ ጥሩምባም አላሰማች። «አብዱ!» ብዬ ስጮህ የመኪናዋ መስተዋት ክርኑን መታው። ሳይክሉ ወዲያ፣ እሱ ወዲህ፤ ተንከባልሎ ቦይ ውስጥ ገባ። አህዮቹ በርግገው ተበተኑ።

ስደርስ ቦዩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ክርኑ ተልጦ ይደማል እንጂ ሌላ አልሆነም። ሾፌሩ፣ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ፣ ወርዶ እየሮጠ መጣ።

«ወንድሜ ምን ነካህ? እንዴት ዞር ብለህ ሳታይ ትገባለህ?»

«አልሰማሁህም» አለ አብዱልበሲጥ።

«አልሰማሁህም ይባላል? ዓይን የለህም?»

«አልዞርም እኮ» አለ።

ሾፌሩ ነገሩ አልገባውም፤ እኔም አልገባኝም። ሐኪም ቤት ልውሰድህ ብሎ ቢለምነው ደህና ነኝ፣ በሰላም ሂድ አለው። መኪናዋ ከራቀች በኋላ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን።

«አልዞርም ስትል ምን ማለትህ ነው?» አልሁት።

«አንገቴም ወገቤም ወደ ኋላ አይዞርልኝም። ቆይቷል። ሳይክል ላይ ሆኜ ወደ ኋላ ያየሁት መቼ እንደሆነ ራሱ አላስታውስም። አይሱዙ ከሩቅ ይሰማል፤ ባጃጅ ይሰማል፤ ሚኒባስ ይሰማል። በጆሮዬ ነው የምነዳው።»

ያን ሁሉ ዘመን አብዱ ከመራ መንገዱ አማን ነው እያልሁ ስከተለው፣ ሰውዬው ከጀርባው ያለውን አያይም ነበር። እሱ ወደ መሀል ሲገባ እኛም እየተከተልን እንገባ ነበር።

«ምነው ሳትነግረን?»

«ምን ብዬ? ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ሰው ሁሉ እንደኔ ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ አልነዳንም፤ ሳይክሎቻችንን እየገፋን ብዙ መንገድ በእግራችን ሄድን። መኪና በመጣ ቁጥር ቆሞ፣ እግሩንም ትከሻውንም አንድ ላይ ይዞ ይዞርና ያየዋል።

ኢኽላስ ነገሩን ስትሰማ አልጮኸችም። ክርኑን አጥባ አሰረችለት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አንድ ጊዜ አልቅሼልሃለሁ» አለችው። «ሁለተኛ አልችልም። ከነገ ጀምሮ ሱብሒ ሰግደህ ስታበቃ፣ መስገጃህን ሳታጥፍ እዚያው ሰውነትህን ታፍታታለህ።»

«ጠዋት ሱቅ መክፈት አለብኝ እኮ።»

«ሦስቱንም አላልሁህም። አንዷን ብቻ።»

የቱን እንደሚሠራም የመረጠችለት እሷ ናት፤ ተቀምጦ የሚጠመዘዘውን። በፊት ማታ ሞክሮት ነበር፤ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሱቅ ውስጥም ሞክሮት ነበር፤ ደንበኛ ይስቅበታል። ከሱብሒ በኋላ ግን ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ሰውነቱም መሬት ላይ ነው፤ መነሣት ብቻ ነው የቀረው። መነሣቱን ትንሽ ማዘግየት ማንንም አይከብድም።

መስገጃው ላይ ተቀምጦ ወደ ኋላ ሲዞር መጀመሪያ የሚያየው ከጎኑ ያለውን የመስኮት መጋረጃ ጠርዝ ነበር። ሳምንታት አለፉ፤ መጋረጃው ያው መጋረጃ ነው። «ይኸ ነገር ለኔ አይሆንም» ብሎኛል አንድ ቀን፣ የሳይክል ካቴና ዘይት እየቀባ። የዘለለበትም ጠዋት አለ፤ እንግዳ ሲያድር፣ ለሠርግ ወረታ ሲሄድ። ኢኽላስ አትወቅሰውም። መስገጃውን ብቻ ሳታጥፍ ትተወዋለች። እሱም ተዘርግቶ ሲያየው ተመልሶ ቁጭ ይላል።

አንዷን ሲለምዳት ሁለተኛዋን ራሱ ጨመረ፤ የእግሩን። ሻሹን እንደገና ተዋሰ። አሁን ግን አይጎትትም፤ ይይዝና ይተነፍሳል፤ ሲላላለት ትንሽ ይጨምራል። ረመዳን ሲገባ ይተወዋል ብዬ ነበር። አልተወውም፤ ሱሑር በልቶ፣ ሱብሒ ሰግዶ፣ እዚያው ይዘረጋል። ከመጋረጃው አልፎ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ከግድግዳው ጥግ ያለውን ቁም ሣጥን አየ።

ከዒድ በኋላ በአንድ ጠዋት፣ ወደ ግራ እንደተጠመዘዘ፣ ኢኽላስን በሩ ላይ ቆማ አያት። ክው አለ። በሩ ያለው ከጀርባው ነው።

«አንቺ፣ ከመቼ ጀምረሽ ነው እዚያ የቆምሽው?» አላት።

«በየቀኑ እዚህ ነኝ» አለችው። «ዛሬ ገና ነው ያየኸኝ።»

ይህን ሱቅ መጥቶ ሲነግረኝ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የምሥራች ሊነግረኝ እንደመጣ የገባኝ ቆይቶ ነው። «ማታ ማታ ወገቤን የሚቆረጥመኝ ነገር ነበር» አለኝ። «የሥራ ድካም ነው እል ነበር። ሲጠፋ ነው እንደነበረ ያወቅሁት። ሰው ከሕመሙ ጋር ይህን ያህል ተላምዶ ይኖራል ሙሔ?» ከኋላችን አንድ ደንበኛ «ፍሬን አለ?» ሲል፣ አብዱልበሲጥ ወንበሩ ላይ እንዳለ አንገቱን ብቻ አዙሮ «አለ» አለው። ለደንበኛው ተራ ነገር ነበር። እኔ ግን የያዝሁትን ብሎን ጣልሁት።

ሁሉ ነገር ተስተካክሎለታል አልልም። ረጅም ሰዓት ከጎነበሰ ወገቡ ያስጠነቅቀዋል። ሐሙሲት መንገድ ላይ ጎረምሶቹ አንዳንዴ ይቀድሙታል፤ መፍታታቱ ፈጣን አላደረገውም። ለሳይክሉ መስተዋት ገጥሞለታል፤ ወደ ግራ ከመውጣቱ በፊትም ዞር ብሎ ያያል፤ ካየ በኋላ በእጁ ምልክት ይሰጠናል።

እሑድ እሑድ ስንመለስ አሁን ሁላችንም ሰውነታችንን ልናፍታታ ሐይቁ ዳር እንወርዳለን። መጀመሪያ ቀን እኔ ቆሜ ጎንበስ ስል ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ደርሰው ቆሙ። ግፉ ብላቸው አይሄዱም። የሌላ ሰው እጅ ይመስል አፍጥጬ አየኋቸው። ከጀልባው ላይ ያየን ገድሉ የሚባል ጀልባ ነጂ «ምን ጠፋባችሁ? ላፋልጋችሁ?» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ሣሩ ላይ ተደፍተን የወደቀ ነገር የምንፈልግ መስሎታል።

ባለፈው ሰሞን አብዱልበሲጥ ማህሌትን ላመስግናት ስላለ ሐኪም ቤት ሄድን። ወደ አዋሳ ተዛውራለች አሉን። ስልኳን አፈላልጎ፣ ሱቁ ውስጥ ሆኖ፣ እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ደወለላት።

«እህቴ፣ አብዱልበሲጥ ነኝ፤ ከባሕር ዳር። እግሬ አልነሣ ያለው ሳይክለኛ።»

ጥቂት አሰበች። «አዎ፣ አዎ፣ አስታወስኩዎት ጋሼ። ምነው፣ ተመለሰብዎት እንዴ?»

«የለም፤ ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ። ያሳየሽኝን እየሠራሁ ነው ልልሽ ነው የደወልሁት።»

«የቱን?»

«ማፍታታቱን ነዋ።»

«እስካሁን?»

«በየቀኑ። ከሱብሒ በኋላ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎት አንሥቶ አየው።

«ጋሼ፣ እውነትዎን ነው?» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ተለውጧል። «እኔ እኮ ይህን ሥራ ከጀመርኩ፣ ሰው የሚደውልልኝ ሲያመው ነው። እየሠራሁ ነው ብሎ የደወለልኝ አንድም የለም።»

አብዱልበሲጥ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ የማህሌት ድምፅ ከስልኩ ራቅ አለ፤ አጠገቧ ያሉ ሰዎችን ስትጠራ ሰማናት። «ኑ እስቲ፣ ኑ! ይህን ሰውዬ ስሙልኝ!»